ምዕራፍ ስድስት፦ ምጽዋት ዕውቀት ሲሆን

፩

ከላሊበላ ወደ ሰሜን ምዕራብ በሚሄደው መንገድ፣ በላስታ ተራሮች መካከል በምትገኘው በብልባላ፣ ጥንታውያን የዐለት አብያተ ክርስቲያናት አሉ፤ ከነዚህም አንዱ በንቦቹና በማሩ የታወቀው ብልባላ ጊዮርጊስ ሲሆን፣ ሁለተኛው የአገሩ ትውፊት እስከ ዓፄ ካሌብ ዘመን የሚያደርሰው ብልባላ ቂርቆስ ነው። ቅዱስ ቂርቆስ በሦስት ዓመቱ ከእናቱ ከቅድስት ኢየሉጣ ጋር ሰማዕትነትን የተቀበለ ሕፃን ነውና፣ የታመመ ልጇን በአንቀልባ አዝላ ከዚህ ደብር ቅጥር የምትገባ እናት፣ የእናትና የልጅ መከራ አንድ ሆኖ ከሚታሰብበት ስፍራ እንደ ደረሰች ታውቃለች፤ ጸበሉን ለልጇ ታስጠጣለች፣ ስእለቷን ትሳላለች፣ ከያዘችውም ጥቂት ነገር ከደጀ ሰላሙ ለተቀመጡት ነዳያን ሳትመጸውት አትመለስም።

የላስታ ሰው መስጠትን ከሌላ ሊማር የሚያስፈልገው አይደለም። ለዝክር ከጎተራው ይሰፍራል፤ ለማኅበርና ለሰንበቴ ተራው ሲደርስ ይደግሳል፤ ጎረቤቱ የታመመበት እንደ ሆነ በደቦ ያርስለታል፤ ሞት በገባበት ቤት ሁሉ በዕድሩ አማካይነት ይደርሳል። ነገር ግን ይህ ሁሉ ቸርነት፣ ምንም እንኳ በእግዚአብሔርም በሰውም ዘንድ የከበረ ቢሆን፣ ችግሩ ከታየ በኋላ የሚደርስና ችግረኛው በዓይን የሚታይ ነው። በዚህ ምዕራፍ የምንመረምረው ግን ሌላ ዐይነት ምጽዋት ነው፤ ይኸውም ሰጪው በዓይኑ ለማያየው፣ ምናልባትም ገና ላልተወለደ ሕፃን የሚሰጠው፣ ዛሬ ያልታወቀውን የፈውስ መንገድ ነገ ጠቢባን እንዲያገኙት የሚያዋጣው ገንዘብ ነው።

የላስታ ገበሬ ክረምቱ ገብቶ ጎተራው በተራቈተበት ወራት፣ ልጆቹ ራበን ሲሉት እየሰማ እንኳ ለዘር ያስቀመጠውን ገብስ አይነካም፤ ያ እህል ዛሬ ቢበላ የአንድ ሳምንት ቀለብ እንደሚሆን፣ ቢዘራ ግን የዓመት ኑሮ እንደሚሆን ከአባቱ ተምሯልና። ለምርምር የሚሰጥ ምጽዋትም በዚህ ሥርዓት የሚቈጠር ነው። አስቸጋሪው ነገር የተራበውን ልጅ ሳይረሱ ዘሩን መጠበቅ ነው፤ የዚህም ምዕራፍ ዋና ሐሳብ፣ በሕፃናት ካንሰር ረገድ ለታመመው ልጅ የሚሰጠው ምግብና ማደሪያ፣ ለምርምር ከሚሰጠው ገንዘብ ጋር አንድ ሥራ እንደሚሠራ ማስረዳት ነው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ወራትና ቀናት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

፪

አስቀድመን፣ ለዚህ ደዌ ምርምር የበጎ አድራጊ እጅ ለምን ከሌላው ይልቅ እንዳስፈለገ መረዳት ይገባናል። የዐዋቂዎች ካንሰር ብዙውን ጊዜ ከዕድሜ ርዝመት፣ ከትምባሆና እነዚህን ከመሳሰሉ ነገሮች ጋር የተያያዘ ነው፤ የሕፃናት ካንሰር ግን ገና በማደግ ላይ ካለ ሰውነት፣ ከአጥንት መቅኔ፣ ከኩላሊት፣ ከነርቭ፣ ከዓይን መስተዋት በስተኋላ ካለው ስስ ሽፋን ይነሣል፤ ወላጅ ይህን በማድረጌ አመጣሁት ብሎ ራሱን የሚወቅስበት ምክንያት ከቶ የለም ማለት ይቻላል። በዓለም ሁሉ በየዓመቱ ወደ 400,000 የሚጠጉ ሕፃናትና ወጣቶች ይህ ሕመም ይይዛቸዋል፤ ቍጥሩ ለሚያለቅስ ወላጅ እጅግ ብዙ ቢሆንም፣ በብዙ ዐይነት የተከፋፈለ በመሆኑ ለነጋዴ ሒሳብ ግን ትንሽ ነው። የመድኃኒት ፋብሪካ ያወጣውን ገንዘብ ከሚሸጠው መድኃኒት መልሶ ማግኘት ግዴታው ስለ ሆነ፣ ገዢው ጥቂት፣ ገዢውም ሕፃን፣ የሕፃኑም አባት ድኻ ወደ ሆነበት ገበያ በፈቃዱ አይገባም። መንግሥትም በበኩሉ ወባን፣ ሳንባ ነቀርሳን፣ የወሊድን ሞት ሳይጨርስ ወደዚህ ዞር ለማለት ጊዜው ይዘገይበታል። በነጋዴውና በመንግሥቱ መካከል ባዶ ሆኖ በቀረው በዚህ ሜዳ ላይ የገባው የበጎ ፈቃድ ገንዘብ ነው።

የዚህንም መነሻ ለማየት ወደ ቦስተን ከተማ መሄድ ያስፈልጋል። በ1947 ሲድኒ ፋርበር የተባለው ሐኪም በቦስተን የሕፃናት ሐኪም ቤት ውስጥ ከሕንጻው በታች ባለች ጠባብ ክፍል ይሠራ ነበር፤ ሙያውም የሞቱትን ሕፃናት ሥጋ በማጉያ መነጽር እየመረመረ የሞታቸውን ምክንያት መናገር ነበር። በዚያን ዘመን የደም ካንሰር የያዘው ልጅ በጥቂት ሳምንት ወይም በጥቂት ወራት ውስጥ ይሞታል፤ ሐኪሞችም ሥቃዩን ከማቅለል በስተቀር ሌላ ተስፋ አልነበራቸውም። ፋርበር ግን አንድ ነገር አስተዋለ፤ ይኸውም በጎመንና በመሰል ቅጠላ ቅጠሎች ውስጥ የሚገኘው ፎሊክ አሲድ የተባለው ንጥረ ነገር ለእነዚህ ልጆች ሲሰጣቸው ሕመሙ እንደሚፋጠን ነው። በሽተኛው ሕዋስ በዚህ ንጥረ ነገር የሚባዛ ከሆነ፣ የሚመስለውን ነገር ግን የማይጠቅመውን ብንሰጠው መባዛቱ ይቆም ይሆናል ሲል ዐሰበ። ያንን አስመሳይ መድኃኒት በፋብሪካ ውስጥ ያዘጋጁለት፣ በሕንዳዊው የኬሚስትሪ ሊቅ በየላፕራጋዳ ሱባሮው የሚመሩት ባለሙያዎች ነበሩ። ፋርበርም በ1948 ባሳተመው ጽሑፍ፣ መድኃኒቱን ከወሰዱት 16 ሕፃናት መካከል 10ሩ ለጊዜው እንደ ተሻላቸው አስታወቀ፤ አልጋ ላይ ወድቀው የነበሩ ልጆች ተነሥተው ተጫወቱ። ሕመሙ ከጥቂት ወራት በኋላ ተመልሶ ቢወስዳቸውም፣ የማይነካ ይባል የነበረው ደዌ ሊነካ እንደሚችል ለመጀመሪያ ጊዜ ታየ።

ይህ ግኝት ግን ብዙ ጠቢባን ያልተቀበሉት፣ ክፍሉም ገንዘቡም የሌለው ነበርና፣ ፋርበር ፊቱን ወደ ሕዝብ አዞረ። በ1948 በግንቦት ወር 22ኛው ቀን ማታ፣ የቫራይቲ ክለብ ተብሎ የሚጠራው የቴአትር ሰዎች ማኅበር ባዘጋጀው የራዲዮ ፕሮግራም ላይ፣ «ጂሚ» በሚል የተሰወረ ስም የተጠራ የዐሥራ ሁለት ዓመት በሽተኛ ልጅ ከአልጋው ሆኖ ለአሜሪካ ሕዝብ ተናገረ፤ የሚወዳቸውም የቦስተን የቤዝቦል ቡድን ተጫዋቾች አንድ በአንድ ወደ ክፍሉ ሲገቡ ሰሚው ሁሉ በራዲዮ ይከታተል ነበር። ልጁ የጠየቀው ጨዋታቸውን የሚያይበት ቴሌቪዥን ብቻ ነበር። ሕዝቡ ግን ከ200,000 ዶላር በላይ ላከ፤ ከላኩትም መካከል ሳንቲማቸውን በፖስታ የከተቱ ሕፃናት ነበሩበት። ከዚህ የተነሣው የጂሚ ፈንድ በ1952 ለፋርበር ራሱን የቻለ ሕንጻ አቆመለት። ያ በሽተኛ ልጅም ድኖ፣ አግብቶ፣ የልጅ ልጅ አይቶ፣ በ1998 ስሙን ለሕዝብ ገልጦ፣ እስከ 2001 ኖሯል።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው፣ የሕዝብ ምጽዋት የመጣው ነገሩ ከተረጋገጠ በኋላ እንዳልሆነ ነው። መንግሥት ማስረጃ ይጠይቃል፤ ማስረጃ ደግሞ ያለ ገንዘብ አይገኝም፤ ይህን የተቈላለፈ ነገር የፈታው ሕፃናትን ስለ ወደደ ብቻ ያለ ዋስትና የሰጠው ሕዝብ ነው። ማስረጃው ከተገኘ በኋላ ግን ፋርበር በምክር ቤት ፊት እየቀረበ መንግሥቱ ራሱ ለካንሰር ምርምር ብዙ ገንዘብ እንዲመድብ አድርጓል፤ ስለዚህም የበጎ አድራጊው ሳንቲም የመንግሥትን ግምጃ ቤት የሚከፍት ሆነ።

፫

ከፋርበር ቀጥሎ የሚመጣው ታሪክ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ በተለይ የሚገባው ነው፤ የተጀመረው በስእለት ነውና። ከሊባኖስ ስደተኞች የተወለደው ዳኒ ቶማስ፣ ኑሮው ያልተቃናለት አዝማሪና ቀልደኛ በነበረበት ጊዜ፣ መንገዴን ብታሳየኝ በስምህ ደብር አቆምልሃለሁ ብሎ ለሐዋርያው ለቅዱስ ይሁዳ ታዴዎስ ተሳለ። በኋላም ሀብትና ዝና ባገኘ ጊዜ ስእለቱን ለመፈጸም ያሰበው ለሕፃናት ሐኪም ቤት በመሥራት ነው። በ1957 ከሊባኖስና ከሶርያ ዘር የሆኑ አሜሪካውያንን ሰብስቦ፣ ለተቀበለቻቸው አገር ምስጋና እንዲሆን ገንዘብ የሚያሰባስብ ማኅበር አቋቋመ፤ ሐኪም ቤቱም በ1962 የካቲት ወር በሜምፊስ ከተማ ተከፈተ። በዚያ አገር ጥቁርና ነጭ በየሐኪም ቤቱ በሚለያይበት ዘመን የዚህ ሐኪም ቤት በር ለሁሉም እኩል ተከፍቶ ነበር፤ የታመመ ልጅ ያመጣ ቤተሰብም እስከ ዛሬ ድረስ የሕክምና ሒሳብ አይጠየቅበትም።

የመጀመሪያው ዳይሬክተር ዶክተር ዶናልድ ፒንክል ሥራውን በጀመረ ጊዜ፣ የደም ካንሰር ከሚይዛቸው ሕፃናት ከመቶው የሚድኑት 4 ያህል ብቻ ነበሩ። በእጁ የነበሩት መድኃኒቶች ሁሉም ከእርሱ በፊት የተገኙ ናቸው፤ ያልታወቀው ግን የትኛው ከየትኛው ጋር፣ በምን ያህል መጠን፣ በምን ቅደም ተከተል፣ ለስንት ጊዜ እንደሚሰጥ ነበር። ፒንክል ሕክምናውን በደረጃ ከፈለው፤ በመጀመሪያ በብዙ መድኃኒት አንድነት ሕመሙን ከደሙ ማጥፋት፤ ሁለተኛም የቀረውን ማጠናከሪያ በሚባለው ሕክምና ማሳደድ፤ ሦስተኛም መድኃኒት በማይደርስበት በአንጎልና በአከርካሪ ሽፋን ውስጥ የሚሸሸገውን በሽታ አስቀድሞ በጨረርና በጀርባ በሚወጋ መድኃኒት መከላከል፤ አራተኛም ልጁ ፍጹም ጤነኛ መስሎ በሚታይበት ጊዜ ሕክምናውን ሳያቋርጡ እስከ ሦስት ዓመት ድረስ መቀጠል። በየጊዜው የሚታከሙትን ልጆች ውጤት እየመዘገበ፣ ያልሠራውን እየጣለ፣ የሠራውን እያጸና፣ አንዱን የሕክምና ሥርዓት ከሌላው ጋር እያስተያየ ሄደ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ከሚታከሙት ልጆች ግማሽ ያህሉ የሚድኑ ሆኑ፤ ዛሬ ደግሞ በዚያ ሐኪም ቤት በተለመደው የሕፃናት የደም ካንሰር ከመቶው ከ90 በላይ ይድናሉ።

አንባቢ ሆይ፣ ይህን ነገር በማስተዋል ተመልከተው። ይህን ያህል ሕፃናት ከሞት የዳኑት በአንድ አዲስ ተአምረኛ መድኃኒት አይደለም፤ የታወቁትን መድኃኒቶች አሰጣጥ ብዙ ዓመት በመፈተሽ ነው። ይህን ፈተና የሚከፍል ነጋዴ የለም፤ ውጤቱ የሚሸጥ ነገር አይደለምና። ሕዝብ የላከው ገንዘብ ወደ ምን ተለወጠ ቢባል፣ ደሙን በየቀኑ ወደሚቈጥረው ባለሙያ ደመወዝ፣ የልጁን ስም፣ መጠኑንና ትኵሳቱን በመዝገብ ወደምታሰፍረው ነርስ፣ ሕክምናው ካለቀ ከዐሥር ዓመት በኋላ ልጁ በሕይወት መኖሩን ደብዳቤ ጽፎ ወደሚጠይቀው ጸሐፊ ተለውጧል። የምርምር ዋናው አካል ይህ ነው፤ ምንም እንኳ ለሰጪው የሚታይ ሐውልት ባይኖረውም።

፬

ይህ ሁሉ የሩቅ አገር ታሪክ ነው እንዳይባል፣ ከዓለም ካንሰር ምርምር ታላላቅ ግኝቶች አንዱ የተነሣው ከጎረቤታችን ከምሥራቅ አፍሪካ መሆኑን እንጨምር። አየርላንዳዊው ቀዶ ጥገና ሐኪም ዴኒስ በርኪት በ1957 በካምፓላ ሙላጎ ሐኪም ቤት መንጋጋው በአራቱም ማዕዘን ያበጠ አንድ ሕፃን አየ፤ ሌላም አየ፤ ከዚያም በኋላ ይህ ዕጢ በየትኛው አገር እንዳለና በየትኛው እንደሌለ ለመመርመር ተነሣ። በ1961 ከሁለት ጓደኞቹ ጋር በአንድ አሮጌ መኪና እስከ ደቡብ አፍሪካ ድረስ ወደ 16,000 ኪሎ ሜትር ተጕዞ፣ በየሚሲዮኑና በየሐኪም ቤቱ እየገባ ፎቶግራፍ እያሳየ ጠየቀ። ወጪው በጥቂት መቶ ፓውንድ የተወሰነ ነበር። ባገኘው መልስ ካርታ ሲሠራ፣ ዕጢው ሙቀትና ዝናብ ባለበት ቆላ ሲበዛ፣ በደጋው አገር እንደማይገኝ ተረዳ፤ እንደ ላስታ ባለ ከፍታ የሚኖር ሕፃን ከዚህ ሕመም በአብዛኛው የተጠበቀበት ምክንያት ወባ በደጋ ስለማይጸና እንደ ሆነ በኋላ ተገለጠ።

በዚያው ዓመት በርኪት በለንደን ሲያስተምር ከአድማጮቹ መካከል አንቶኒ ኤፕስታይን የተባለ ተመራማሪ ነበረ። ኤፕስታይን ዕጢው በቫይረስ ይመጣ ይሆናል ብሎ ሲጠረጥር፣ ወደ ኡጋንዳ የሚሄድበትን ገንዘብ የከፈለለት ከሕዝብ በሚዋጣ ገንዘብ የሚተዳደረው የብሪታንያ የካንሰር በጎ አድራጎት ድርጅት ነበር። ከካምፓላ በአውሮፕላን በሚላክለት ሥጋ ላይ ከባልደረቦቹ ከአቾንግና ከባር ጋር ሲሠራ ቆይቶ፣ በ1964 በሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡ ቫይረሶች የመጀመሪያውን አገኘ፤ ቫይረሱም እስከ ዛሬ በኤፕስታይንና በባር ስም ይጠራል። የአንድ ሰው የጕዞ ቲኬት ዋጋ ለሰው ልጅ ዕውቀት እንዲህ ያለ በር ከፈተ።

ይሁን እንጂ የተገኘው ዕውቀት ለሁሉ እኩል አልደረሰም። እንደ ዓለም የጤና ድርጅት አገላለጥ፣ በሀብታሞቹ አገሮች ካንሰር ከያዛቸው ሕፃናት ከመቶው ከ80 በላይ ሲድኑ፣ በብዙ ድኻ አገሮች የሚድኑት ከ30 ያነሱ ናቸው። ድርጅቱ በ2018 ከሜምፊሱ ሐኪም ቤት ጋር ሆኖ በ2030 በዓለም ሁሉ ቢያንስ ከመቶው 60 እንዲድኑ ዐቅዷል፤ በ2021ም ያው ሐኪም ቤት ከለጋሾቹ ካሰባሰበው ገንዘብ 200 ሚሊዮን ዶላር መድቦ፣ መድኃኒት ለማይደርሳቸው አገሮች ጥራቱ የታወቀ መድኃኒት እንዲቀርብ ከድርጅቱ ጋር ተዋውሏል።

በመድኃኒትና በልጅ መካከል ግን ሌላ ገደል አለ፤ ይህንንም በግልጥ ያሳየው በማላዊ፣ በካሜሩን፣ በጋናና በሌሎች የአፍሪካ ሐኪም ቤቶች የተደረገው የኩላሊት ዕጢ ጥናት ነው። በነዚህ አገሮች የሚሠሩ ሐኪሞች በአንድ ሥርዓት ለማከም ተስማምተው፣ ከበጎ አድራጊዎች ባገኙት ገንዘብ የቤተሰቡን የመጓጓዣና የሕክምና ወጪ ረዱ። በ2018 የታተመው ውጤታቸው እንደሚያሳየው፣ ሕክምና አቋርጠው የሚጠፉት ልጆች ከመቶው ከ23 ወደ 12 ሲወርዱ፣ ሕክምናቸውን ጨርሰው ዕጢው ያልታየባቸው ከመቶው ከ52 ወደ 68 ከፍ አሉ። ስለዚህም የአውቶቡስ ቲኬት ሕይወት እንደሚያድን በቍጥር ተመሰከረ።

፭

እንግዲህ ወደ አገራችን እንመለስ። ከብልባላ ገጠር አንዲት እናት የልጇ ፊት ገርጥቶ፣ ድዱ እየደማ፣ ትኵሳቱ አልለቀው ብሎ፣ በጸበልም በጤና ጣቢያም ሳይሻለው ሲቀር ወደ ላሊበላ ሐኪም ቤት ወሰደችው እንበል። ከዚያ ደሙን አይተው ወደ ወልድያ ወይም ወደ ደሴ ይልኳታል፤ ከዚያም ወደ ጎንደር ወይም ወደ አዲስ አበባ። በጋሸና ተሻግሮ፣ ወልድያንና ደሴን አልፎ እስከ አዲስ አበባ የሚደርሰው መንገድ፣ ሰላም በሆነ ጊዜ እንኳ የሁለት ቀን መከራ ነው፤ ጦርነት በገባባቸው ዓመታት ደግሞ መንገዱ ራሱ ተዘግቶ ከርሟል። ጥቍር አንበሳ ሐኪም ቤት በደረሰች ጊዜ ከዳሌ አጥንቱ መቅኔ ተቀድቶ ይመረመራል፤ ልጁ በጎኑ ተኝቶ ጕልበቱን ወደ ደረቱ አጥፎ፣ እናቲቱ ራሱን በእጆቿ ይዛ፣ መድኃኒቱ በቀጭን መርፌ በአከርካሪው አጥንት መካከል ይገባል። ሕክምናው ከሁለት እስከ ሦስት ዓመት እንደሚፈጅ ሐኪሙ ሲነግራት ግን፣ ከመርፌው ይልቅ የሚያስጨንቃት ሌላ ነገር ነው፤ የት ትደር? ምን ትብላ? ከቤት የቀሩትን ልጆች ማን ይያዝ?

ልጁን በመድኃኒቱ መካከል ወደ ላስታ ይዛው እንዳትመለስ የሚከለክል ጽኑ ምክንያት አለ። መድኃኒቱ የካንሰሩን ሕዋስ ሲገድል ሰውነት ከተስቦ የሚከላከልባቸውን ነጭ የደም ሕዋሳትም አብሮ ያጠፋል፤ በነዚያ ሳምንታት ትኵሳት የተነሣበት ልጅ በሰዓት ውስጥ የመርፌ መድኃኒት ካላገኘ አንድ ሌሊት እንኳ ላያድር ይችላል። ስለዚህ ከሐኪም ቤቱ አጠገብ ማደሪያ ማግኘት ለዚህ ልጅ የሕክምናው ክፍል ነው።

ይህን አስቀድመው የተረዱት ልጆቻቸውን በዚሁ ደዌ ያጡ ወላጆች ናቸው። በ2004 የተመሠረተው ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ፣ በደም ካንሰር የሞተ ሕፃን ስም ይዞ የሚኖር ማኅበር ነው፤ አባቱ አቶ ወንዱ በቀለና ባለቤታቸው ሐዘናቸውን ለሌሎች ልጆች መጠጊያ አድርገውት፣ ማኅበሩ ሕዝብን በማስተማርና ሕሙማንን በመደገፍ የታወቀ ሆነ። ከእርሱም በኋላ ተስፋ አዲስ የተባለው የወላጆች ማኅበር፣ ከጥቍር አንበሳ በማይርቅ ስፍራ ከገጠር ለሚመጡ ሕፃናትና አስታማሚዎቻቸው ማደሪያ፣ ምግብና መጓጓዣ የሚሰጥ ቤት አቋቋመ። ሐዘንተኛ ወላጅ ከልጁ መቃብር ተነሥቶ የማያውቀውን ልጅ ሲያስታምም ከማየት የሚበልጥ ትሩፋት ምን አለ?

የሐኪም ማነስም ነበረ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ድረስ በኢትዮጵያ በሕፃናት ካንሰር የሠለጠነ ሐኪም አልነበረም ቢባል ስሕተት አይሆንም፤ ለብዙ ዓመታትም በመላው አገር የጨረር ሕክምና የሚሰጠው ጥቍር አንበሳ ብቻ ነበር። አስላን ፕሮጀክት የተባለው የአሜሪካ በጎ አድራጎት ድርጅት ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ ኢትዮጵያውያን የሕፃናት ሐኪሞች በዚህ ሙያ በአገራቸው እንዲሠለጥኑ ማድረጉ፣ ከሁሉ የሚበልጠው ስጦታ ሳይሆን አይቀርም። መድኃኒት ያልቃል፤ የሠለጠነ ሐኪም ግን ሌላውን ያሠለጥናል፤ በጅማም የሕፃናት ካንሰር ሕክምና ለመቋቋም የበቃው በዚሁ መንገድ ነው። የጤና ጥበቃ ሚኒስቴርም ከ2019 እስከ 2023 የሚሠራበትን የሕፃናትና የወጣቶች ካንሰር መከላከያ ዕቅድ አውጥቶ ነበር፤ በዚህም ከላይ ስለ ፋርበር የተናገርነው ነገር፣ ማለትም የበጎ አድራጊ እጅ የጀመረውን መንግሥት እንደሚረከበው፣ በእኛም አገር መፈጸም ጀምሯል።

፮

አሁን ወደ ዋናው ነገራችን ደርሰናል። ለማደሪያ ቤት የሚሰጥ ገንዘብ ለምርምር እንደሚሰጥ ነው ያልነው እንዴት ነው?

አንድ ሐኪም በጥቍር አንበሳ መቶ ሕፃናትን በአንድ ሥርዓት አከመ እንበል። ከነዚህም አርባው ለእርሻ ወይም ለአጨዳ፣ ወይም ስንቃቸው ስላለቀ፣ ወይም ልጁ የዳነ ስለ መሰላቸው ወደ አገራቸው ተመልሰው ሳይመጡ ቢቀሩ፣ ሐኪሙ ስለ መድኃኒቱ ምን ሊል ይችላል? የሞተውን ልጅ በሽታው ይግደለው፣ መድኃኒቱ ይግደለው፣ ወይስ የመንገዱ ርቀት፣ የሚያውቅ የለም። በቦስተንና በሜምፊስ ለልጆች የተሰፈረው መጠን ለተራበና ለቀጨጨ የላስታ ሕፃን ልክ መሆኑን፣ ወይም ቢቀነስለት እንደሚሻለው ሊያውቅ የሚችለው፣ ልጆቹ እስከ መጨረሻው አብረውት ሲቆዩና ውጤታቸው ሲመዘገብ ብቻ ነው። ስለዚህ ሽሮ ወጥ የሚሠራባት፣ እናቶች ልብስ የሚያጥቡባት፣ ልጆች በፀጕር አልባ ራሳቸው ኳስ የሚያንከባልሉባት ያች ቤት፣ የኢትዮጵያ የሕፃናት ካንሰር ምርምር የተመሠረተባት ቤት ናት። የላቦራቶሪውም መሣሪያ ያለ እርሷ የሚመረምረው ደም አያገኝም።

ከዚህም ጋር የመዝገብ ነገር አለ። በ2011 በጥቍር አንበሳ የተቋቋመው የአዲስ አበባ ከተማ የካንሰር መዝገብ፣ በከተማይቱ ነዋሪዎች ላይ የሚገኘውን ካንሰር ሁሉ እየቈጠረ ያሰፍራል፤ ነገር ግን የላስታ፣ የዋግና የቡግና ሕፃናት በዚያ ቍጥር ውስጥ የሉም። በዓይኑ ብሌን ውስጥ ማታ በመብራት ነጭ ብርሃን የሚያንጸባርቅ ልጅ፣ ይህ የዓይን ካንሰር ምልክት እንደ ሆነ የሚያውቅ ሰው ቢያገኝ፣ ቶሎ ከደረሰ ሕይወቱ ሊተርፍ፣ አንዳንድ ጊዜም ዓይኑ ሊተርፍ ይችላል፤ ካልደረሰ ግን ዕጢው ከዓይኑ ወጥቶ ወደ አንጎሉ ይዘልቃል። ያ ልጅ በየትኛው መንደር እንደ ኖረ፣ ስንት ወር እንደ ዘገየ፣ ማን ወደ ሐኪም ቤት እንደ ላከው ካልተጻፈ፣ ከእርሱ በኋላ ለሚመጣው ልጅ የሚቀር ትምህርት የለም። አንድ ሞት ካልተመዘገበ ሁለት ጊዜ የጠፋ ነው፤ ለቤተሰቡ ልጅ ጠፋ፣ ለአገሩም ዕውቀት ጠፋ።

ሰጪዎችም ቢሆኑ ለአሰጣጣቸው ሥርዓት ያስፈልጋቸዋል። ቸርነት ብዙ ጊዜ የሚወደው ስም የሚጻፍበትን ሕንጻና ፎቶግራፍ የሚነሣበትን መሣሪያ ነው፤ የጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ደመወዝ፣ የስልክ ወጪ፣ የመዝገብ ወረቀት ግን ልብ አይነካም። ሁለተኛም ሰጪ ችኩል ነው፤ የደም ካንሰር ጥናት ውጤቱ የሚታወቀው ልጁ ከሕክምና ወጥቶ ለዓመታት ሲኖር ስለሆነ፣ ለአንድ ዓመት ሰጥቶ ውጤት አምጡ የሚል ሰው ራሱን ያታልላል። ሦስተኛም ገንዘብ ተቀባዩ ማኅበር ያገኘውንና ያወጣውን፣ የዳኑትንና የሞቱትን ሳይሸሽግ ለሕዝብ ማሳየት አለበት፤ ያልሠራ ሕክምና መኖሩን መናገር ለሌላው ሐኪም መንገድ ማመልከት ነውና፣ በምርምር ውስጥ ነውር የሚሆነው መሸሸጉ ነው። አራተኛም የውጭ ለጋሽ የሚሄድበት ቀን ይመጣል፤ ባለ አገሩ ገንዘብ ካላዋጣ የተጀመረው ሁሉ ከእርሱ ጋር ይሄዳል።

የሀብት ማነስ ለዚህ ምክንያት ሊሆን አይገባም። በ2000 በአሜሪካ የነርቭ ካንሰር የያዛት የአራት ዓመት ሕፃን ከቤቷ ደጃፍ የሎሚ ጭማቂ እየሸጠች ለሐኪሞቿ ገንዘብ መሰብሰብ ጀመረች፤ በ2004 በስምንት ዓመቷ ስታርፍ፣ እርሷን አይተው በየቦታው የሸጡ ልጆችና ወላጆች አንድ ሚሊዮን ዶላር አስገብተው ነበር፤ በስሟ የቆመው ድርጅትም እስከ ዛሬ ለሕፃናት ካንሰር ምርምር ገንዘብ ይመድባል። በኢትዮጵያ ይህን ለማድረግ አዲስ ማኅበር መፍጠር እንኳ አያስፈልገንም፤ በየቀበሌው ዕድር አለ፤ በየደብሩ ማኅበር አለ፤ በዋሽንግተን፣ በሎስ አንጀለስ፣ በለንደን የሚኖሩ የላስታና የወሎ ልጆች ለቤተ ክርስቲያን ማሠሪያና ለትምህርት ቤት ገንዘብ ሲያዋጡ ኖረዋል። ዕድሩ ለቀብር ከሚሰበስበው ላይ በወር ጥቂት ብር ለይቶ የታመመን ልጅ ወደ ሐኪም ቤት ለማድረስ ቢያስቀምጥ፣ ሕፃኑ ለቀብሩ የሚሆነውን ገንዘብ በሕይወቱ ሳለ ያገኘዋል።

ስለዚህ ለሕፃናት ካንሰር የሚሰጥ ሰው ሁሉ፣ መበለቲቱ እንደ ሰጠችው ሁለት ሳንቲምም ቢሆን፣ ሲሰጥ ሦስት ነገር ይጠይቅ፦ ልጁ ሕክምናውን እስኪጨርስ የሚያድርበት ቤት አለ ወይ? የሚያክመው ሐኪም ሌላ ሐኪም እያሠለጠነ ነው ወይ? ልጁ ቢድንም ቢሞትም ታሪኩ ይጻፋል ወይ? ለሦስቱም አዎን የሚል መልስ ያገኘ ሰጪ፣ የሰጠው ገንዘብ አንዱን ሕፃን ካከመ በኋላ እንዳላለቀ፣ ከእርሱም በኋላ በዚያው ደዌ ለሚያዙት ሁሉ የሚያገለግል ዕውቀት ሆኖ እንደሚኖር ይወቅ።